የማያፈስ ጣሳ

መጀመሪያ ያየሁት ሳል አልነበረም። እታገኝ በቀኝ ጎኗ ብቻ መተኛት ጀመረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷን ወደኔ አዙራ የተኛች ሚስቴ በሰኔ መግቢያ ላይ ጀርባዋን ሰጠችኝ። እኔ ሞኙ ደግሞ የተቀየመችኝ መሰለኝና ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ብጠይቃት «ወዲያ ስዞር ይወጋኛል» አለች። ውጋት ነው፣ ያልፋል ተባባልን።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ቤታቸው በሽተኛ አስተኝተው፣ የሐኪም ቃል ሰምተው ለማመን ለተቸገሩ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። ከሶማሌ ተራ ዝቅ ብሎ ቆርቆሮ የምቀጠቅጥ ሰው ነኝ። ኩራዝ፣ ባልዲ፣ የውሃ ጣሳ፣ የልብስ ሳጥን እሠራለሁ። ቤታችን ከሱቄ ጀርባ ነው። በእኛ መደዳ ከጠዋት እስከ ማታ መዶሻ አያርፍም፤ አጠገብህ የቆመ ሰው የሚለውን አትሰማም። የእታገኝ ድምፅ ግን ይሰማ ነበር። ምሳ ሲደርስ ከጓሮ ሆና «ወርቁ!» ስትል ከመደዳው ጫፍ ያሉት ሳይቀሩ «አንተ፣ ተጠርተሃል» ይሉኝ ነበር።

ስለ ሙያዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያዙልኝ። አባቴ ሲያስተምረኝ ሕጉ አንድ ነበር። የተሠራ ዕቃ ውሃ ተሞልቶ ደረቅ አመድ ላይ ያድራል። ጠዋት አመዱ ረጥቦ ከተገኘ ዕቃው አይሸጥም፤ እንደገና ይበየዳል። «የሚያፈስ ዕቃ የሸጠ ሰው ስሙም ያፈሳል» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ኖርኩ። እንጀራዬ ቀዳዳ መድፈን ነው።

እታገኝ ደግሞ የወደቀ ማንሳት ትወዳለች። ከመደዳችን ፊት የአበሻ መድኃኒት የሚሸጡት ሴቶች ማታ ወደ ቤታቸው ሲነሱ የተቀጠቀጠ እሬት፣ አህያ የረገጠው እንዳሁላ የሚባል ወፍራም ቅጠል ጥለው ይሄዳሉ። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ታመጣና በተሰነጠቀ ድስት፣ አፉ በተሸረፈ ገንቦ ውስጥ ትተክለዋለች። አሥራ አንድ ደርሰውላት ነበር። ልጆቻችን አድገው በየፊናቸው ስለሄዱ ጓሮውን የሞሉት እነሱ ነበሩ። እጄን ባቃጠልኩ ቁጥር የእሬት ቅጠል ሰንጥቃ ዝልግልጉን ትቀባኛለች። ጎረቤት ግን ይስቅብን ነበር፤ የቆርቆሮ ሠሪ ሚስት በሰባራ ሸክላ ትተክላለች እያለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አፍር ነበር።

ውጋቱ አላለፈም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትኩሳት ይመጣል፤ ሲነጋ አንሶላው በላብ ርሶ ይገኛል። ምች ነው አልን፣ ዳማከሴ አሸን። ብርድ ነው አልን፣ ነጭ ሽንኩርት አበላናት። ደረቅ ሳል ተጨመረ። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ መንሸራተት ጀመረ። ሐምሌ ሲገባ የውሃ እንስራ ልታነሳ ጎንበስ ብላ እዚያው ቀረች። ቀና ሳደርጋት «አደራ፣ እሬቶቼን እያቸው» አለችኝ።

አደራ ከተባልኩማ! ሱቄን ዘግቼ በሁለት ቀን አሥራ አንድ አዳዲስ ጣሳ ሠራሁ። ብየዳው በጣት ሲዳሰስ የማይታወቅ፣ አመድ ላይ አድሮ የተፈተነ። ከሰባራው ሸክላ አውጥቼ አዛወርኳቸው። ጎረቤቴ ሸምሱ፣ ገመድ የሚሸጠው፣ አይቶ «ወላሂ ይሄንስ ለሙሽራ ስጠው» አለኝ። ዝናቡ በየቀኑ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ውሃ እጨምርላቸዋለሁ። አደራ ነዋ።

አንድ ሰኞ እታገኝ ደረጃ ሳትወጣ፣ ዕቃ ሳታነሳ፣ ቁጭ ብላ መተንፈስ አቃታት። ሸምሱ ሴቼንቶ ታክሲ ጠራና ሆስፒታል ወሰድናት። ራጅ አነሷት። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ግን ትሑት። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ግራው ጥቁር ነው። ቀኙ ከታች እስከ መሐል ነጭ ነው።

«ጋሼ ወርቁ፣ ይህ ነጩ ውሃ ነው። ፕሉራል ኢፊዩዥን እንለዋለን። ሳንባን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን፣ በፕሉራው ውስጥ ተጠራቅሞ ሳንባዋን ተጭኖታል። መነሻው ቲቢ ይመስለኛል። ዛሬውኑ ጎኗን በመርፌ ወግተን እናወጣዋለን። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

«ትበሷታላችሁ?»

«በሁለት ጎድን መካከል፣ ትንሽ።»

«ማን ይደፍነዋል?»

ፈገግ አለ። «ራሱ ይደፍናል።»

ራሱን የሚደፍን ዕቃ በዕድሜዬ አላየሁም። አንዴ የተበሳ ነገር ወይ ይበየዳል ወይ ሲያፈስ ይኖራል፤ የሰው ጎን ደግሞ በምን ይበየዳል? ይሄ ልጅ ሚስቴን በስቶ ሊገድልብኝ ነው አልኩ። እታገኝን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። አልፈርምም አልኩ። ዶክተሩ ኮሪደሩ ድረስ ተከተለኝ። «ጊዜ የለንም፣ ጋሼ። ሳንባው እንደታፈነ ከቆየ ይጣበቃል» አለኝ። ሰማሁት። ይዣት ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት። ከሕይወቴ የባከነ ጊዜ መልሰህ አምጣ ብባል የማመጣው እነዚያን ሦስት ሳምንታት ነው።

ተቀምጣ መተኛት ጀመረች። ከዚያም ጨርሶ መተኛት ቀረ። ምግብ ተወች። ከንፈሯ ጠቆረ። «ውሃ ስጠኝ» ለማለት ሁለት ጊዜ ታርፋለች። ከሱቄ ሆኜ ድምፅዋን አልሰማም። በየመሐሉ መዶሻዬን ጥዬ እየሮጥኩ በሕይወት መኖሯን አያለሁ። አለች። እንደገና እሮጣለሁ። አለች።

እሬቶቹም ቢጫ እየሆኑ ነበር። ጠምቷቸው ነው ብዬ ጨመርኩ። ቅጠላቸው እንደተቀቀለ ሽንኩርት ለሰለሰ። በዚህ ዝናብ እንዴት ይጠማቸዋል ብሎ አለመጠየቅ! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እውነት ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ትልቁን እሬት ነካ ባደርገው ግንዱ ከሥሩ ተለይቶ እጄ ላይ ቀረ። ሽታው አይጣል ነው።

እታገኝ በሩ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ልደብቀው ዞርኩ። አይታለች።

«ጣሳው... ቀዳዳ አለው?»

«የምን ቀዳዳ? የኔ ጣሳ?»

ትንፋሽዋን ሰበሰበች። «ታዲያ ውሃው... በየት ይውጣ?»

ሚስማርና መዶሻ እንዳመጣ በእጅዋ አመለከተችኝ። ጣሳውን ደፋሁት። ሚስማሩን ቂጡ ላይ አቆምኩ። እመኑኝ፣ እጄ እምቢ አለኝ፤ ሠላሳ ዓመት የደፈነ እጅ እንዴት ብሎ ይብሳ? መታሁት። ጥቁር ውሃ ወጣ። ድንጋዩ ላይ እየወረደ፣ እየወረደ፣ አላልቅ አለ። ሁለተኛውን በሳሁ። እሱም እንደዚያው። ቀና ብል እታገኝ እኔን ነው የምታየው እንጂ ጣሳውን አይደለም።

«ዶክተሩ ያለው... ይሄንኑ አይደል?»

መዶሻው ከእጄ ወደቀ። ሸምሱን እየጮህኩ ጠራሁት።

ዶክተሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። እታገኝን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ጀርባዋን ገለጡ። ጎድኖቿን ቆጠርኩ፤ ሁሉም ይቆጠራሉ። ውሃውን በመርፌ ማውጣቱ ቶራሴንቴሲስ ይባላል። መርፌው ገባ። እሷ አልጮኸችም። በጎማው ቱቦ ቢጫ ውሃ ወደ ጠርሙሱ መውረድ ጀመረ። እኔ መጠን በዓይኔ አውቃለሁ። ግማሽ ሊትር። አንድ። አንድ ተኩል ሲሆን ዶክተሩ መርፌውን ነቀለ።

«ኧረ አልጨረሰም! ለምን ያቆማሉ?»

«በአንድ ጊዜ አይወጣም፣ ጋሼ። ሳንባው ይደነግጣል።»

በማግስቱ ፋሻውን እንዲያነሱልኝ ለመንኩ። የትንኝ ንክሻ የምታህል ነጥብ ናት። ደርቃለች። ራሱ ደፍኗል። እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ፣ አላፈርኩም።

ዳነች ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። እኔ ቸኩዬ ነበር። እዚያው ሆስፒታል እንደተኛች ውሃው በሳምንቱ ተመለሰ። እንደገና ወጉ፣ የወጣው ያነሰ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወጉ ምንም አልወጣም። «ወፍሯል» አለኝ ዶክተሩ። «ፋይብሪን ሠርቷል። ሽፋኑ ሳንባው ላይ እየተጣበቀ ነው።» በየጠዋቱ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ጀመሩላት። አይሶናያዚድ የሚባል ኪኒን፣ ፓስ የሚባል ሆድ የሚያገለብጥ መድኃኒት ጨመሩ። ጆሮዋ ይጮኻል። የበላችውን ትመልሳለች። ከጎኗ የተኛችው የጎጃም ሴት ረቡዕ አነጋግራኝ እሑድ ስመጣ አልጋዋ ተነጥፎ ነበር። ዶክተሩን በር ላይ ያዝኩት፣ ትተርፋለች ወይ አልኩት።

«አልዋሽዎትም። አላውቅም።»

ጠያቂ የሚገባው ረቡዕና እሑድ ነው። እታገኝ ገና ሳልቀመጥ «እሬቶቼስ?» ትላለች። «ደህና ናቸው» እላለሁ። ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። በሦስተኛው «ውሸታም» አለችኝ፣ ደከም ባለች ፈገግታ። ተናዘዝኩ። አሥራ አንዱም በስብሰዋል፤ አራቱን ጥያለሁ፤ የቀሩትን ምን እንደማደርግ አላውቅም አልኳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ እኔ የሰው በሽታ ስደብቅ ነበር የከረምኩት።

ትንፋሽዋ በአንድ ጉብኝት ለአንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር የሚበቃው። የመጀመሪያው «የበሰበሰውን ቁረጥ» የሚል ነበር። ቤት ሄጄ በቆርቆሮ መቀሴ ቆረጥኩ። መቀሱ ጨፈለቃቸው እንጂ አልቆረጣቸውም፤ ሁለት ሞቱ። በሚቀጥለው «በቢላ... ነጭ ሥጋ እስኪታይ» አለች። ቆረጥኩና ያኔውኑ እርጥብ አፈር ውስጥ ተከልኳቸው። ሦስት ሞቱ። እሑድ ስነግራት ዓይኖቿን ጨፈነች። «ቁስሉ ይድረቅ። ጥላ ውስጥ... ሳምንት።» የቀሩት ሁለት ነበሩ። አንድ ሥር የሌለው የእሬት ጫፍ፣ አንድ ደግሞ የእንዳሁላ ቅጠል፤ ግንዱ እንኳ የለውም፣ ቅጠል ብቻ። ሱቄ መደርደሪያ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ አስተኛኋቸው። ሸምሱ እየመጣ ያያል። «ወንድሜ፣ ይሄ የሞተ ነው። ለምን ራስህን ታሠቃያለህ?» ይለኛል። እኔም ሞቷል ብዬ አስብ ነበር። ግን መጣል አልቻልኩም፤ ምን ብዬ ልንገራት?

ቁስላቸው ደረቀ፣ ቅርፊት ሠራ። ጣሳዎቹን ሦስት ሦስት ቦታ በሳሁ። የተቀጠቀጠ ሸክላ፣ ደረቅ አሸዋ፣ ትንሽ አፈር አድርጌ አቆምኳቸው። ረቡዕ ዕለት ተክያለሁ፣ አሁን ላጠጣቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«አታጠጣ።»

«እስከ መቼ?»

«አጠጣ... እስክልህ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለመናገርም አይመችም። መስከረም አለፈ። ጥቅምት ገባ። እሬቱ ተጨማደደ፣ ቅጠሉ እንደ ሽማግሌ ጣት ሆነ። እታገኝም ተጨማደደች። እጅዋን ስይዘው አጥንቱ ብቻ ነው የሚያዘው። አጠጣ አላለችም። አንዳንዴ ስለነሱ መጠየቁንም ትተወዋለች። ልጠይቃት እፈልግና እተወዋለሁ፤ እንደረሳቻቸው ብትነግረኝ ምን ይውጠኛል? ቤት ስገባ ጣሳዎቹን አያለሁ፣ የውሃ ማንቆርቆሪያውን አያለሁ። አልነካም። አጠጣ ሳትለኝ ብትሞት ምን አደርጋለሁ እላለሁ። ከዚህ በላይ ተስፋ አልነበረኝም።

ኅዳር ውስጥ አንድ እሑድ ከፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። አጥሚት ይዛለች። ገና ወንበር ሳልስብ «በቡና ስኒ ግማሽ ውሃ ለእያንዳንዳቸው ስጣቸው፣ ከጎን በኩል እንጂ ቅጠሉ ላይ እንዳታፈስ» አለችኝ።

በየቃሉ መሐል ስታርፍ መቁጠር ልማዴ ነው። አልቆመችም። መሐል ላይ አንድም ጊዜ ትንፋሽ አልሰበሰበችም። «እስቲ ድገሚው» አልኳት። «አልሰማህም እንዴ?» «ሰምቻለሁ፣ ድገሚው።» ደገመችው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቀስ እያለ ተሻለ፤ ትኩሳቱ ማታ ማታ መምጣቱን ተወ፣ ከአጥሚት ወደ ፍትፍት ተሸጋገረች፣ የአስታማሚዎቹን ስም አውቃ ታሾፍባቸው ጀመር፣ እኔም ከሱቅ ስመለስ ጣሳዎቹን በጣቴ እየዳበስኩ ደርቀው እንደሆነ አይ ነበር፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ግማሽ ስኒ ብቻ እየሰጠሁ። በታኅሣሥ መጨረሻ ከእንዳሁላው ቅጠል ጠርዝ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ወጣች። ለሸምሱ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አያትና «አላህ ሲፈቅድ» አለ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወደ ቤት መለሷት። ዶክተሩ አዲሱን ራጅ ከድሮው ጎን አስቀምጦ አሳየኝ። ውሃው የለም፤ ቀኝ ሳንባዋ ግን እንደተጨመደደ ቀርቷል፣ ደረቷም በዚያ በኩል ጎድጉዷል።

«ይህ አይከፈትም፣ ጋሼ። በአንዱ ትኖራለች። መድኃኒቱን ዓመት ተኩል ሳታቋርጥ ትውሰድ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ብንወጋት ኖሮ...»

«ጨርሱልኝ» አልኩት።

«ይከፈት ነበር።»

ይህን ቃል ይዤ ቤት ገባሁና ሁለት ሳምንት ታፈንኩበት። በመጨረሻ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሳለ ነገርኳት። ትንፋሽሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ አልኳት። ጣሳውን በእጅዋ እያዞረች ሰማችኝ።

«እኔም እኮ ፈርቼ ነበር። አልፈርምም ስትል ደስ አለኝ» አለች። «ታዲያ የማንን ጥፋት ከማን እንለየው?»

እኔን ለማሳረፍ ያለችው ይሁን እውነቷን አላውቅም። አላረፍኩም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ያንን ዶክተር እግዚአብሔር ይስጠው። አስኮርፌው ሄጄ ስመለስ በሩን ያልዘጋብኝ ሰው ነው። በየጠዋቱ መርፌ የሚወጋትን፣ እንዳያማት መርፌውን በእጁ የሚያሞቀውን ድሬሰር እግዚአብሔር ይስጠው። ሸምሱን፣ ሥራውን ጥሎ ስንት ቀን ታክሲ ፍለጋ የሮጠውን ሰው፣ አላህም እግዚአብሔርም ይስጡት።

እናንተ ደግሞ፣ በቤታችሁ አንድ ሰው በአንድ ጎኑ ብቻ መተኛት ከጀመረ ምች ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ውሃ ቋጥሯል ከተባላችሁ በዚያው ቀን ይውጣ፤ የሙያችሁን ዕውቀት ይዛችሁ ሐኪም ፊት አትከራከሩ። የሰው ገላ ቆርቆሮ አይደለም፣ ራሱን ይደፍናል። ኪኒኑን ደህና ነኝ ብሎ የሚጥል አለ፤ ሆስፒታል ስንመላለስ አይተናቸዋል፣ ተመልሰው ሲመጡ። እሬት ከበሰበሰባችሁም በስል ቢላ ቁረጡ፣ ቁስሉን አድርቁ፣ ከታች መውጫ ስጡት፣ ስለወደዳችሁት ብቻ ውሃ አታብዙበት። ከአሥራ አንዱ ሁለት ነው የተረፈን።

አሁን ጎረቤት የሚስቀው በኔ ነው። «ወርቁ የሚያፈስ ጣሳ መሥራት ጀመረ» ይላሉ። ይሳቁ፣ እኔም ቢሆን እስቃለሁ። ክረምት ሲገባ ግን ሳቁ ይጠፋል፤ ብርድ ሲሆን ያ አንዱ ሳንባ ይደክማል፣ ዶክተሩም «ስንት ክረምት እንደሚችል የሚነግርዎት ሐኪም የለም» ብሎኛል።

ድምፅዋ አልተመለሰም። ለቤት ይበቃል፣ መዶሻ አያልፍም። ስለዚህ ምሳ ሲደርስ አንዱን ባዶ ጣሳ በማንኪያ ሦስት ጊዜ ትመታለች። በዚያ ሁሉ የቆርቆሮ ጩኸት መሐል የሷን እለየዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሰዓቱ ያልፍና ሳልሰማ እቀራለሁ። ያኔ መዶሻዬን አቆማለሁ። አጠገቤ ያለውም ያየኝና ያቆማል፣ ቀጥሎ ያለውም፣ እስከ ጫፍ። መደዳው በሙሉ ዝም ብሎ የእታገኝን ማንኪያ ይጠብቃል።